ድምፅም ይወረሳል
የፖድካስት አዘጋጅ ሙያና የድሬዳዋ ተራ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ቃል ለብዙ ዘመን እውነት ሆኖ ኖሯል። ራዲዮ ወደ አገራችን በመጣ ጊዜም ይህ ጠባይ አልተለወጠም። የመጀመሪያው ጣቢያ ጥር 23 ቀን 1927 ዓ.ም. በአቃቂ ከተመረቀ ወዲህ፥ ዝግጅቱን የሚሰማው በሰዓቱ ራዲዮኑን የከፈተ ሰው ነበር፤ ሰዓቱ ያለፈበት ግን ወሬውን ከጎረቤት ከመጠየቅ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ዛሬ ፖድካስት የሚባለው አሠራር ይህን ጠባይ ለውጦታል። ፖድካስት ማለት በድምፅ የተሰናዳ ዝግጅት በኢንተርኔት ተቀምጦ፥ አድማጩ በወደደው ሰዓትና ቦታ በስልኩ የሚሰማው ነው። ስሙ በ1996 ዓ.ም. በአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ የታየ አዲስ ስም ይሁን እንጂ፥ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ ተርኮታል። ወጋየሁ ዛሬ በሕይወት የለም፤ ድምፁ ግን ከቴፕ ወደ ካሴት፥ ከካሴት ወደ ስልክ እየተሻገረ፥ ያን ጊዜ ላልተወለዱ ልጆች መጽሐፉን ይተርክላቸዋል። እንደዚሁም ወይዘሮ መዓዛ ብሩ በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 «የጨዋታ እንግዳ» በተባለው ዝግጅት፥ የብዙ አንጋፋ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ከራሳቸው አንደበት አሰምተዋል። እነዚህም ጭውውቶች በኢንተርኔት እየተፈለጉ ይደመጣሉ።

ታዲያ የዚህ ሥራ አዘጋጅ ተግባሩ ምንድን ነው? ብዙ ወጣቶች ሙያውን በማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ በሚያምር ድምፅ መናገር አድርገው ይገምቱታል። ይህ ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። አዘጋጁ አስቀድሞ ጉዳዩን ያጠናል፤ የሚያውቀውን ሰው ፈልጎ ያገኛል፤ ጠይቆ ዝም ብሎ መስማትን ይማራል። ሁለት ሰዓት የተቀዳውን ጨዋታ ደጋግሞ አዳምጦ፥ ትርፉን ቆርጦ፥ ቅደም ተከተሉን አስተካክሎ ግማሽ ሰዓት ያደርገዋል። ሽማግሌው የጠቀሱትን ዓመተ ምሕረት ከመዝገብ ጋር ያመሳክራል። በ2007 ዓ.ም. በአሜሪካ የሕዝብ ራዲዮ ባለሙያዎች ያሰናዱት «ሲሪያል» የተባለው ዝግጅት በዓለም የታወቀው፥ አንድን የወንጀል ጉዳይ ክፍል በክፍል በትዕግሥት በመመርመሩ ነው። በአየር ላይ የተነገረ ስሕተት ከነፋስ ጋር ያልፍ ይሆናል፤ ተቀምጦ የሚደመጥ ስሕተት ግን በየቀኑ እንደ አዲስ ይነገራል። ስለዚህ ማረምም የአዘጋጁ ግዴታ ነው።

አሁን ይህን ሚዛን ይዘን ድሬዳዋን እንመልከት። ከተማይቱ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በደረሰባት ጊዜ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ እስከ 1909 ዓ.ም. ጊዜ ወስዷል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፥ የቀድሞውን ባቡር የነዱ፥ የጠገኑና ፍሬን የያዙ ሠራተኞች ዕውቀት በአብዛኛው በአረጋውያን ልብ ውስጥ ብቻ ቀርቷል። ድሬዳዋ የወለደችው ዓሊ ቢራ በ2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ድምፁ ቀርቶልናል፤ ዘፋኝ ነበርና አስቀድሞ ተቀድቷል። የባቡር መካኒኩን ድምፅ ግን ማን ቀዳው? በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ ሞልቶ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ነዋሪዎችን በአንድ ሌሊት በወሰደ ጊዜ፥ ከጎርፉ የተረፉት ያዩትን ማን አስቀመጠው? ይህ ትዝታ ብቻ አይደለም፤ ነገ በወንዙ ዳር ቤት ለሚሠራ ሰው ማስጠንቀቂያ ነው።

የከተማይቱ ራዲዮ በኤፍ ኤም 106.1 በአማርኛ፥ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ይናገራል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ጥያቄ ያስነሣል። አንዲት እናት በሶማልኛ የተናገሩትን በሌላ ሰው የአማርኛ ድምፅ ሸፍኖ ማቅረብ ለጊዜው ይቀላል፤ ሆኖም የሳቸው ድምፅ ይጠፋል። እንደኛ አስተያየት፥ የተናጋሪው ቃል በገዛ ቋንቋው ሳይቆረጥ በመዝገብ ይቀመጥ፤ ለሌላው አድማጭ አጭር ትርጉም ይታከልበት። ስለ ሐዘኑ የሚናገር ሰው ደግሞ ቃሉ ለዘለቄታው እንደሚቀመጥ ተነግሮት ፈቃዱ ይጠየቅ።

ሥራው ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በጎረቤት ከተማ በሐረር አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ከጥንት መጻሕፍት ጋር የዘፈን ካሴቶችን ጭምር ሰብስበው ቤተ መዘክር አቁመዋል። አንድ ሰው ይህን ያህል ከሠራ፥ በጀትና ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ምን ያህል ሊሠራ ይችላል? እንቅፋቱ የሚመጣው የአዘጋጁ ድካም በአየር ላይ በዋለው ሰዓት ብቻ የተለካ እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ከሆነ ሰዓት መሙላት እንጂ ማስቀመጥ የሚያስመሰግን አይሆንም፤ ወጣቱም በሙያው ሳይበስል ወደ ሌላ ሥራ ያልፋል።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣት ሹማምንት ለድምፅ መዝገብ ቤት ቦታ፥ ለአዘጋጁም የሥራ መደብና የዕድገት መሰላል እንድታስቡለት እናሳስባለን። ተማሪዎችም ዛሬ በእጃችሁ ያለው ስልክ መቅጃ መሆኑን አትዘንጉ። ከዚራ ወይም መጋላ በጥላ ሥር የተቀመጡትን አንድ አረጋዊ አስፈቅዳችሁ ጠይቁ፤ ስማቸውን፥ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ድምፃቸውን አስቀምጡ። ሙያው የሚጀመረው ከዚህ ነው፤ አረጋውያኑም ሁልጊዜ አይጠብቁንም።