ለተሰበረ እግር የሚሰበሰበው ሰደቃ እና ያልተጠየቀው ሐቅ

ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በአያትና በቦሌ አራብሳ መስጂዶቻችን ደጃፍ ደጋግመን የምንሰማው ማስታወቂያ አለ። «ወንድማችን በመኪና አደጋ እግሩ ተሰብሯል፤ ብረት ሊገባለት ነው፤ አቅማችሁ የቻለውን አግዙት» ይባላል። ጀመዓው ኪሱን ይዳብሳል፣ የተዘረጋው ጨርቅ ላይ ብር ይወድቃል፣ ዱዓ ይደረጋል። ይህ መተዛዘን የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ጌጥ ነው፤ አላህ ይቀበለን።

ነገር ግን በዚያ ማስታወቂያ ውስጥ የማንሰማቸው ጥያቄዎች አሉ። መኪናው የማን ነበር? የሦስተኛ ወገን መድን ነበረው? የትራፊክ ፖሊስ ፕላን ተነስቷል? ካሳ ተጠይቋል? ሰደቃ የምንሰበስብለት ወንድም ብዙ ጊዜ በሕግም በሸሪዓም ሐቅ ያለው ሰው ነው። ሐቁ ሳይጠየቅ ይቀርና ሸክሙ ወደ ጀመዓው ይዞራል።

ይህን የምንጽፈው ከሩቅ ሆነን አይደለም። በመምህርነት ላይ በነበርንበት ጊዜ አንድ የማታ ተማሪያችን ከሲኤምሲ ወደ ሰሚት በሚወስደው መንገድ ላይ በመኪና ተገጭቶ ቅልጥሙ ተሰበረ። ቀን ቀን በግንባታ ሥራ የሚያድር ልጅ ነበር። ሹፌሩ ሆስፒታል አደረሰው፣ አለቀሰ፣ ይቅርታ ጠየቀ። በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ከተቀመጡትም መካከል እኛ ነበርንበት። «ቀደር ነው፣ ልጁም አልሞተም፣ ሹፌሩም የልጆች አባት ነው» አልን። 15,000 ብር ተሰጠውና «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ፈረመ። ከአራት ወር በኋላ አጥንቱ እንዳልገጠመ ታወቀ። ሁለተኛ ቀዶ ጥገና አስፈለገው፤ እስከ ዛሬ ያነክሳል፤ ወደ ግንባታ ሥራም አልተመለሰም። የሕግ ባለሙያ ዘንድ ይዘነው ስንሄድ የተሰጠን መልስ አጭር ነበር፦ «ፈርሟል እኮ።»

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3312 መሠረት ተዋዋዮች በዕርቅ የጨረሱት ጉዳይ በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ማፍረስ የሚቻልባቸው ምክንያቶች ጠባብ ናቸው። እኛ ያን ቀን ሱልህ ያደረግን መስሎን ነበር፤ የሠራነው ግን አንድ ድሃ ልጅ ገና መጠኑ ያልታወቀ ጉዳቱን እንዲሸጥ ማግባባት ነበር።

ምሥራቅ አዲስ አበባ ለምን?

የከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል ባለፉት ዓመታት በፍጥነት ሰፍቷል። ከመገናኛ እስከ አያት ያለው ሰፊ ጎዳና፣ በ2008 ዓ.ም መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር የሚያልፍበት መስመር፣ የቀለበት መንገዱ፣ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮቹ፣ በየጥጉ የሚነሱት ሕንፃዎች፣ ሁሉም አንድ ላይ ናቸው። መኪናው በፍጥነት ይበራል፣ እግረኛው ደግሞ ታክሲ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይሄዳል። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በኮሪደር ልማቱ ከቦሌ ወደ መገናኛ ባለው መስመር የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ ይህ ጥሩ ነው፤ ውስጥ ውስጡን ባሉት ሰፈሮች ግን እግረኛው አሁንም ከመኪና ጋር እየተጋፋ ነው የሚሄደው።

እግረኛን መኪና ሲመታው በአብዛኛው ቀድሞ የሚያገኘው እግሩን ነው። መከላከያው የሚያርፈው ጉልበትና ቅልጥም ላይ ነው፤ ጎማው የሚወጣው እግር መዳፍ ላይ ነው። የእግር ጉዳት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገድልም፤ ስለዚህ «አልሐምዱሊላህ ተረፈ» ተብሎ ይታለፋል። ለተሸካሚ፣ ለግንበኛ፣ ለአስተናጋጅ፣ ለሱቅ በደረቴ ነጋዴ ግን እግር ማለት እንጀራ ነው።

ሸሪዓው ምን ይላል?

«ካሳ መጠየቅ ከኢማን ጋር አይሄድም» የሚል አነጋገር በመካከላችን አለ። ይህ መሠረት የለውም። አደጋው በአላህ ቀደር መሆኑን ማመን ግዴታችን ነው፤ ሆኖም ቀደር የተጎዳውን ሰው ሐቅ አያጠፋም። ሱረቱ ኒሳእ ላይ በስህተት ለተፈጸመ ግድያ እንኳ ዲያ ተደንግጓል፤ ሳያስቡ ያደረሱት ጉዳት ከኃጢአት ቢያድንም ከክፍያ አያድንም ማለት ነው። ፉቀሃዎች ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ የመን በላኩት ደብዳቤ ላይ ተመሥርተው የአካል ጉዳትን ካሳ በዝርዝር ተንትነዋል። ሙሉው ዲያ 100 ግመል ሲሆን የአንድ እግር ዲያ ግማሹ፣ ማለትም 50 ግመል ነው፤ የአንድ እግር ጣት 10 ግመል ነው። መጠኑ በጽሑፍ ያልተወሰነ ጉዳት ሲሆን ደግሞ «ሁኩመቱ ዐድል» ይባላል፤ ጉዳቱን የሚያውቅ ፍትሐዊ ባለሙያ ይገምተዋል። ዛሬ የሐኪሞች ቦርድ «ዘላቂ የአካል ጉዳቱ ይህን ያህል በመቶ ነው» ብሎ የሚሰጠው ማስረጃ ከዚህ የራቀ አይደለም።

በስህተት የደረሰ ጉዳት ዲያ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅም «ዓቂላ» የተባለው ወገን ይጋራው ነበር። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ኃላፊነቱን በአንድ ዲዋን በተመዘገቡት ላይ ማድረጋቸውን ሐነፊዮች በማስረጃነት ያነሱታል። ሸክምን መጋራት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

የንግድ መድንን በተመለከተ የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1985 እ.ኤ.አ ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ቋሚ ክፍያ ያለውን የንግድ መድን ውል ከልክሎ በመተጋገዝ ላይ የቆመውን ፈቅዷል። ተካፉል በአገራችን እንዲስፋፋ የምንጠይቀውም ለዚህ ነው። የተጎዳው ሰው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው ያለው። እሱ ከመድን ድርጅቱ ጋር ውል አልገባም፤ የእሱ ሐቅ በጎዳው ሰው ላይ ነው፤ ድርጅቱ በዚያ ሰው ፈንታ ይከፍላል። ብዙ የዘመናችን ሙፍቲዎች የተጎጂውን ካሳ መቀበል የሚፈቅዱት በዚህ ምክንያት ነው። ልቡ የሚጠራጠር ሰው የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ።

የአገሪቱ ሕግ ምን ይሰጣል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል፤ መኪናውን ሌላ ሰው ይነዳው ቢሆንም እንኳ። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት፣ ለምሳሌ በማይሻገሩበት ቦታ ከሮጠ፣ ካሳው ሊቀነስ ይችላል፤ «ጥፋቱ ያንተም ነው» ስለተባለ ብቻ ግን ሐቁ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ማለት አይደለም። በቁጥር 2091 መሠረት ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። የሕክምና ወጪ፣ ከሥራ የቀረበት ገቢ፣ ወደፊት የሚቀንስበት ገቢ ሁሉ ይታሰባል። ለሕሊና ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ ግን እስከ ዛሬ የሚያሳዝን ነው፤ ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይላል።

ለምሳሌ በወር 9,000 ብር የሚያገኝ ወጣት 30 በመቶ ዘላቂ ጉዳት ቢወሰንለት፣ የሚቀንስበት ገቢ በዓመት 32,400 ብር ይሆናል። በ20 የሥራ ዓመት ሲባዛ 648,000 ብር ነው። ፍርድ ቤት በርትዕ ሊቀንሰው ይችላል። ሆኖም ይህን ቁጥር ከ15,000 ብር ጎን አስቀምጡትና እኛ ያን ቀን ምን እንዳደረግን ታያላችሁ።

በሌላ በኩል የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 አለ። ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለዚህ መድን መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያዝዛል። አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር፣ ለድንገተኛ ሕክምና ደግሞ 2,000 ብር ነበር። ጣሪያው በደንብ የሚሻሻል ስለሆነ ጥያቄ ሲቀርብ በጊዜው የሚሠራበትን መጠን ማረጋገጥ ይገባል። ከመድኑ ጣሪያ በላይ ያለውን ጉዳት ከባለቤቱ መጠየቅ ይቻላል። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ወይም መድን የሌለው መኪና ከሆነም በር አይዘጋም፤ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ፤ የሚያስተዳድረውም የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው።

ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከሕንፃ መወጣጫ ላይ የወደቀ ግንበኛ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይመለከተዋል። አሠሪው የሕክምና ወጪን፣ አስፈላጊ ሲሆን ሰው ሠራሽ እግርን ጨምሮ፣ ይሸፍናል። ጊዜያዊ ጉዳት ላይ ላለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት 75 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ ስድስት ወራት 50 በመቶ ይከፈላል። «የቀን ሠራተኛ ነህ፣ ውል የለህም» የሚለው ንግግር ሐቁን አያሳጣውም፤ የሥራ ውል በጽሑፍ ባይሆንም በምስክር ይረጋገጣል።

ሐቅ የሚጠፋባቸው አራት በሮች

አንደኛው ማስረጃ ነው። አደጋው ሲደርስ ትራፊክ ፖሊስ ካልተጠራ፣ ታርጋው ካልተመዘገበ፣ የዓይን ምስክር ስልክ ካልተያዘ ነገሩ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ወጌሻ ነው። ወጌሻዎቻችንን አንንቅም፤ ሆኖም የተሰበረን እግር ያለ ራጅ አጥብቆ ማሰር ደም አግዶ እግርን እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ ሐኪሞች ደጋግመው ይናገራሉ። ከወጌሻ የሕክምና ካርድ፣ ራጅና ደረሰኝም አይገኝም፤ ካሳ የሚሰላው ግን በእነዚህ ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ቁጥር 2143 ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ያዝዛል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ረዘም ያለ ከሆነ ረጅሙ ይሠራል፤ በዚህ ተማምኖ መቀመጥ ግን አያዋጣም። ሹፌሩ በወንጀል ነፃ ቢባልም የካሳው ክስ በራሱ ይታያል፤ ቁጥር 2149 ይህን ይላል። ዳኝነት መክፈል ያቃተው ሰው «በደሃ ደንብ» እንዲከስ ማመልከት ይችላል።

አራተኛው የተሳሳተ በር ማንኳኳት ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይዘው ይሄዳሉ። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደነገገው የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን እንደ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ውርስ፣ ሞግዚትነትና ወቅፍ ባሉ ጉዳዮች ላይ ነው። የአደጋ ካሳ የሚጠየቀው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ተጎጂው ሞቶ ወራሽነት ሲረጋገጥ ወይም ለሕፃን ሞግዚት ሲያስፈልግ ግን የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ወረቀት ይጠቅማል።

ታዲያ ሱልህ ይቅር?

አይቅር። ሹፌሩም ብዙ ጊዜ ወንድማችን ነው፤ ተበድሮ ሚኒባስ የገዛ፣ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። ይቅር ማለት ትልቅ ሰደቃ ነው። ነገር ግን ሰው ይቅር የሚለው የሚያውቀውን ሐቅ ነው። ያላወቀውን አልሰጠም፤ ተወሰደበት እንጂ። ካሳ መጠየቅ ደግሞ ሹፌሩን ማጥፋት አይደለም፤ መድኑ የተገዛው ለዚህ ቀን ነው።

ስለዚህ ለኢማሞቻችን፣ ለመስጂድ ኮሚቴዎችና ለሽማግሌዎቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ከባድ አይደለም። ሐኪሙ «ሕክምናው አልቋል፣ የቀረው ጉዳት ይህ ነው» ሳይል የመጨረሻ ዕርቅ አናስፈርም። እስከዚያ ሹፌሩ ለሕክምና የሚሰጠው ገንዘብ «ለሕክምና ወጪ የተከፈለ፣ ከካሳው የሚታሰብ» ተብሎ ይጻፍ። ሰደቃ ከመሰብሰባችን በፊት የአደጋውን ፕላንና የመድኑን ጉዳይ የሚከታተል አንድ ሰው ከጀመዓው ይመደብ። በየአካባቢያችን ያሉ ሙስሊም ጠበቆችም በወር አንድ ቀን መስጂድ ግቢ ተቀምጠው ቢያማክሩ ዘካተል ዒልም ይሆንላቸዋል።

ያ ተማሪያችን ዛሬም ጁሙዓ ላይ እናገኘዋለን። ከኋላ ሰፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰግዳል። ሰላም ሲለን ፈገግ ይላል፤ አንድም ቀን ወቅሶን አያውቅም። የእሱ ዝምታ እኛን ዝም ሊያሰኘን አይገባም። የሚቀጥለው ልጅ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ እኛው ነን።

ወላሁ አዕለም።