የተዘጋው ባንክ

«በኮሮና ጊዜ ሠርጉም ድግሱም ስለቀረ ሰው ገንዘብ ቆጠበ» የሚሉ አሉ። ቀራንዮ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በመጋቢት 2012 መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ሲከለክል፣ የተዘጋው የሰፈሩ ባንክ ነው፤ ዕቁብ!

ታክሲው በግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ ሆነ። አትክልት ተራም ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ጉሊት የምትቸረችር እናት ከሽንኩርቷ የምታተርፈው መንገድ ላይ አለቀ። በእጇ የቀረችውንም ጤፍ ገዛችባት (ነገ መንገድ ይዘጋል ብሎ የፈራን ሰው «አከማቸ» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው)።

መስከረም 4 ቀን 2013 የብር ለውጥ ሲታወጅ ከፍራሽ ሥር የነበረው ወደ ባንክ ጎረፈ። ይህን «ቁጠባ አደገ» ማለት አይቻልም፤ ብሩ ቤት ቀየረ እንጂ። ብሔራዊ ባንክ ገና ከጅምሩ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቅርቧል። ዕጣዋ ሳይወጣ ዕቁቡ ለፈረሰባት እናት ግን የደረሰላት የለም።