ምጣድ ጥዶ ማራገቢያ ፍለጋ

እኔ የምለው፣ ቡሬ ላይ ፎቅ የሚሠራ ሰው «ለሕንጻዬ የትኛው ኤሲ ይሻላል?» ብሎ ሲመጣ፣ ስለ ዋጋና ስለ ብራንድ ከመዘርዘራችን በፊት እኛም መልሰን አንድ ነገር ብንጠይቀው ይቀየመን ይሆን? «ወንድም ዓለም፣ ሕንጻህን ማን አሞቀው?»

ቡሬማ አላሞቀችውም። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የወይና ደጋ ከተማ ናት። መጋቢትና ሚያዝያ ቀትር ላይ ከረር ቢል ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ቢጠጋ ነው፤ ሲመሽ ጋቢ ያስፈልጋል። ክረምቱንማ ተዉት። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰው የሚመኘው እሳት ዳር መቀመጥን ነው። እዚያው ከቡሬ ተነስቶ የነቀምቴን መንገድ ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ሙቀት ምን እንደሆነ ያውቃል። መተማና ሁመራ የኖረም ያውቃል። ለእነሱ ኤሲ መድኃኒት ነው ቢባል አልከራከርም። የእኛው ከተማ ግን እግዜር ራሱ ያቀዘቀዛት ከተማ ናት።

ታዲያ በዚህች ከተማ፣ በፍኖተ ሰላምም ጭምር፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሦስተኛ ፎቅ የወጣ ደንበኛ ስለምን ላቡን ይጠርጋል? መልሱ አጭር ነው። መስታወት!

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጥርት ባለ የበጋ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ በሚያይ ግድግዳ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 600 ዋትና ከዚያም በላይ ታፈስሳለች። ተራ ነጠላ መስታወት ከዚህ ውስጥ ከአምስት እጅ አራቱን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። እንግዲህ 10 ካሬ ሜትር መስታወት፣ ማለትም የአንዲት መካከለኛ ሱቅ ፊት፣ ወደ 5 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያስገባል ማለት ነው። እናቶቻችን እንጀራ የሚጋግሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚወስደው 3 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ያቺ ባለ መስታወት ሱቅ ውስጥ የተቀመጠች ልጅ አንድ ምጣድ ከነግማሹ ፊቷ ተጥዶላት ነው የምትውለው። ምጣዱን ጥደን ስናበቃ ደግሞ «ማራገቢያ አምጡ!» እንላለን። ምጣዱን ማውረድ የሚባል ነገር ትዝ አይለንም።

የባሰው ነገር ይህ መስታወት አለመከፈቱ ነው። ለውበት ሲባል ከዳር እስከ ዳር ይገጠማል፤ በመሃሉ እጅ የምታሾልክ አንዲት መስኮት ትተዋለች። ውጭ የሚነፍሰው የጎጃም ነፋስ በነጻ ነው፣ ግን መግቢያ የለውም። እኛ በነጻ የተሰጠንን ዘግተን በገንዘብ የሚሸጠውን እንገዛለን።

ይህን ፋሽን ከየት አመጣነው? ከአዲስ አበባ ነው ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ተወርውሮ በመስታወት ሲያበራ ያየ ሁሉ ልቡ ይከጅላል። ግን አዲስ አበባስ ከማን ቀዳች? ከእኛ በላይ ደጋ የሆነች ከተማ፣ ፀሐዩ 45 ዲግሪ ከሚነካበት፣ መስኮት መክፈት ምድጃ ከመክፈት ከማይለይበት ከዱባይ ልብስ ተዋሰች። ዱባይ መስታወቷን ዘግታ ማሽኗን ብታስነሳ ወዳ አይደለም። እኛ የቅጂ ቅጂ ይዘን ቡሬ ገባን።

ኤር ኮንዲሽነር የሚባለው ማሽን ራሱ እንዴት እንደተወለደ ላስታውሳችሁ። በ1902 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በእርጥበት እያበጠ ቀለሙ ከቦታው ይዛነፍበት ነበር። ዊሊስ ካሪየር የተባለ ወጣት መሐንዲስ መላ ፍጠር ተባለና ፈጠረ። የመጀመሪያው ደንበኛ ሰው ሳይሆን ወረቀት ነበር። ማሽኑ የተሠራው ለቸገረው ነገር ነው። ያልቸገረውን አስቸግሮ ማሽን መግጠም በኋላ የመጣ ጥበብ ነው።

«ታዲያ ያለ ኤሲ የንግድ ማዕከል እንዴት ይሠራል?» ለምትሉ፣ ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ሐራሬን እዩ። ሐራሬ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከቡሬ ዝቅ ትላለች። እዚያ በ1996 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኢስትጌት የሱቅና የቢሮ ሕንጻ የተለመደው ማዕከላዊ ኤር ኮንዲሽነር የለውም። ሠሪው ሚክ ፒርስ ሐሳቡን ያገኘው ከምስጥ ኩይሳ ነው። የሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር በማራገቢያ ወደ ወለሉ ውስጥ ያስገባል፤ ኮንክሪቱ ሌሊቱን ይቀዘቅዛል፤ ቀን የሰውን ሙቀት ይጠጣል፤ የሞቀው አየር ደግሞ በጭስ ማውጫ መሳይ ቱቦ ሽቅብ ይወጣል። መስኮቶቹም ጥላ አላቸው። በጎጃም ማሳ ዳር ኩይሳ የማያውቅ ልጅ የለም። ስንት ዓመት ስንረግጠው የኖርነውን ኩይሳ የሐራሬ ሰው መሐንዲስ አድርጎ ቀጠረው!

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ነገሩ የሚያመው እዚያ ላይ ነው። መስታወቱን የሚተክለው ባለ ሕንጻው ነው፤ ሙቀቱን የሚከፍለው ግን ተከራይ ነው። ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ በብድር ኮምፒውተር የገዛው ልጅ። ኪራዩ ላይ ኤሲ፣ ኤሲው ላይ ቆጣሪ፣ ቆጣሪው ላይ ጥገና ይደረብበታል። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ኮምፕረሰርና የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ዋጋ የት እንደደረሰ የሸመተ ያውቀዋል። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የሚጠበቀው ባለሙያም ዕቃውም እዚያው ይቀራል። ማሽኑ ቆመ፣ መስታወቱ አይከፈትም፣ ምጣዱ ግን አልወረደም። ያኔ ተከራዩ ምን ያድርግ?

«አይ፣ አሁን እኮ ሕዳሴ ግድብ አለን!» የሚል ድምፅ ከኋላ ይሰማኛል። አለን፣ ተመስገን! ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግን ያ መምህር ከደመወዙ፣ ያ ገበሬ ከጤፉ ሽያጭ ቦንድ የገዛው ለምን ነበር? የልጆቹ ኩራዝ እንዲጠፋ፣ ወፍጮው እንዲዞር፣ ፋብሪካው እንዲሠራ ነው። የምዕራብ ፀሐይ በመስታወት አስገብቶ መልሶ በማሽን ለማስወጣት ነው ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም።

ብርድ እኮ ውድ ነገር ነው፤ ለሚገባው ይሰጥ። ቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ የተመረቀባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ወተት አለ፣ ቲማቲም አለ፣ አቮካዶ አለ። ወተቱ ገበያ ሳይደርስ ይመራል፤ ቲማቲሙ ሳጥን ውስጥ ይፈርጣል። የጤና ጣቢያ ክትባት መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ልቡ ይመታል። ማቀዝቀዣ የሚያለቅስለት ይኸ ሁሉ እያለ እኛ መስታወት እናቀዘቅዛለን። ይህ ስልጣኔ ከሆነ አልገባኝም።

«ተቃወምክ፣ ግን ምን እንግዛ?» ለሚለኝ ባለ ሕንጻ ተራ በተራ ልንገረው።

አንደኛ፣ ኤሲ የሚመረጠው ከንድፉ በኋላ ሳይሆን በንድፉ ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው። በቡሬ ኬክሮስ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናት ብዙም አትርቅም። ወደ ደቡብ በሚያይ ግድግዳ ላይ አንድ ሜትር የወጣ በረንዳ፣ ፀሐይ እጅግ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ እንኳ፣ ቀትር ላይ ከሥሩ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይጋርዳል። ሰሜኑማ ከዚያም ይቀላል። ችግሩ ምሥራቅና ምዕራብ ነው፤ እዚያ ፀሐይ በአግድም ስለምትገባ በረንዳ ብቻውን አይበቃትም። ስለዚህ ደረጃውን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ ድፍን ብሎኬቱን ወደ ምዕራብ ስጡት። «መንገዱ በምዕራብ ነው፣ ምን ላድርግ?» ካላችሁ በረንዳውን ጥልቅ አድርጉት፤ ከመስታወቱ ውጭ ቀጥ ብለው የቆሙ መከለያዎች ጨምሩበት። መጋረጃ ከውስጥ መስቀል ግን ሌባን ካስገቡ በኋላ በር መዝጋት ነው፤ ሙቀቱ ገብቷል።

ሁለተኛ፣ መስኮት በሁለት ተቃራኒ በኩል ይኑር፣ ይከፈትም። ከላይ ከኮርኒሱ ሥር ወንፊትና ብረት ያለው፣ ሌሊትም ክፍት የሚያድር መተንፈሻ ተዉ። የቡሬ ሌሊት ግድግዳውን በነጻ አቀዝቅዞ ያድርላችኋል። ቀን ካልበቃ የጣሪያ ቬንትሌተር ጨምሩ፤ የሚበላው መብራት ከአንድ አምፖል ብዙም አይርቅም።

ሦስተኛ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ማሽን የሚገባቸው ክፍሎች አሉ። የባንኩ ሰርቨር ክፍል፣ የመድኃኒት መጋዘን፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ መቶ ሰው የሚታጨቅበት አዳራሽ። ለእነሱ ኤሲ አትንፈጉ። ለአራትና አምስት ፎቅ ሕንጻ ለየክፍሉ የራሱ ስፕሊት፣ ያውም ኢንቨርተር ያለው፣ ይበቃል። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይሠራል፤ ቆጣሪውም የየራሱ ይሆናል፤ በቅርብ ያለ ባለሙያም ይደፍረዋል። ቪ.አር.ኤፍ. የሚባለውን፣ የጃፓኑ ዳይኪን በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ አንድ የውጭ ማሽን ብዙ ክፍል የሚያቀዘቅዝበትን ዘዴ አልንቀውም፤ ቆጣቢ ነው። ግን ረጅሙ የመዳብ ቱቦ አንድ ቦታ ካፈሰሰ ብዙ ክፍል አብሮ ይቆማል፤ መብራቱ በሚቆራረጥበትና መሣሪያ የያዘ ባለሙያ ሩቅ በሆነበት ከተማ ቁጠባው በአንድ ብልሽት ይበላል። ቺለርማ የትልቅ ሆስፒታልና የፋብሪካ ነገር ነው።

አራተኛ፣ ጋዙን ጠይቁ። አር-22 የሚሠራ ማሽን በርካሽ ካገኛችሁ ወላጅ አልባ እየገዛችሁ ነው፤ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በታዳጊ አገሮች እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከገበያ እንዲወጣ ተወስኗል። አር-410ኤ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,000 ጊዜ በላይ ምድርን ያሞቃል። አር-32 ከእሱ ሲሶ ያህል ነው፤ ግን መጠነኛ የመቀጣጠል ባሕርይ ስላለው የሚሞላው ሰው የተማረ ይሁን።

አምስተኛ፣ የሻጩን ካታሎግ እንዳለ አትመኑ። ቡሬ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ። የባሕር ዳርቻ አየር መቶ ቢመዝን የእኛው 78 ገደማ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል፤ ጀነሬተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። ይህን የማያሰላ አማካሪ ሥራውን አልሠራም።

አዎ፣ መስኮት ሲከፈት አቧራ ይገባል፣ የባጃጅ ጥሩምባም ይገባል። እውነት ነው። ለአቧራው ወንፊትና ዛፍ፣ ለጩኸቱ ወደ ጓሮ የዞረ ቢሮ መላ ይሆናል። ሁሉም ባይፈታ እንኳ ሁለት ጫጫታ የሚበዛባት ሱቅ ምክንያት ሆና አራት ፎቅ አይታሸግም።

ማዘጋጃ ቤቶቻችን ንድፍ ሲያጸድቁ «ፊቱ መስታወት ነው ወይ?» ማለታቸውን ትተው «ጥላው የት አለ?» ይበሉ። ባንኮቻችን ቅርንጫፍ ሲከራዩ ከሚያብረቀርቀው ፎቅ ይልቅ የሚተነፍሰውን ይምረጡ። ተከራዮችም ውል ከመፈረማቸው በፊት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ክፍሏ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡባት፤ ላብ ካላባቸው በኪራዩ ላይ ይደራደሩ። ባለ ሕንጻው ኪሱ ሲነካ መስኮት መክፈት ይማራል።

ኤሲ ሻጮች አትቀየሙኝ። እናንተ ማራገቢያ ነው የምትሸጡት፤ ምጣዱን የጣድነው እኛ ነን።