ቅመም ካርታ ሲወጣለት

ሸገር ውስጥ ‹‹ቻይና›› የአገር ስም ብቻ አይደለም፤ ስድብም ነው። ሶኬቱ በሳምንቱ ሲቀልጥ፣ ጫማው ዝናብ ሲነካው ሲላቀቅ፣ ቻርጀሩ ከመርካቶ ወጥቶ ገና ታክሲ ውስጥ ሲሞት ‹‹ተወው ባክህ፣ ቻይና ነው›› እንላለን። በእኛ አፍ ቻይና ማለት ኮፒ፣ ኮፒ ማለት ቻይና ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ተነስቶ ‹‹ቻይና ውስጥ የአዕምሯዊ ንብረት ጥበቃ በዝቶ ድሃ ነጋዴ ተቸገረ›› ቢለን መጀመሪያ የምናደርገው መሳቅ ነው።

እኛም ስቀን ነበር። የቅመሟን ታሪክ ስናነብ ግን ሳቃችን ቆመ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በደቡብ ምዕራብ ቻይና ሲችዋን የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። የሲችዋን ሰው ያለ ‹‹ቺንግኋጅያዎ›› ማዕዱ አይጥመውም። ፍሬዋ ትንሽ፣ መልኳ አረንጓዴ፣ ምላስ የምታደነዝዝ ቅመም ናት። አንድ የሻንጋይ ኩባንያ ይህችን የቅመም ስም ለምግብ ቤት አገልግሎት የንግድ ምልክቱ አድርጎ አስመዘገበ። ቀጠለና ሲችዋን ውስጥ ያሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶችን ‹‹ስሜን ታፔላችሁ ላይ ለጥፋችኋል›› እያለ በየተራ ይከስ ጀመር። ከተከሳሾቹ አንዱ ቼንግዱ ከተማ ውስጥ ያለ የዓሣ ቤት ነው። ታፔላው ላይ ‹‹የቺንግኋጅያዎ ዓሣ›› ብሎ ጽፏል። ምን ይጻፍ ታዲያ? የሚሸጠው በቺንግኋጅያዎ የተሠራ ዓሣ ነው! የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ግን ‹‹የንግድ ምልክት ጥሰሃል፣ ስሙን አንሳ፣ 30 ሺህ ዩዋን ክፈል›› አለው።

እስቲ ወደ ሰፈራችን እናምጣው። አንዱ ብልጥ ‹‹ሽሮ›› የሚለውን ቃል አስመዝግቦ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ሳሪስ ያለውን ሽሮ ቤት በሙሉ ፍርድ ቤት ቢያቆም ምን እንላለን? መሬት በካርታ ይያዛል፤ ሽሮ በካርታ ይያዛል እንዴ?

ደግነቱ ነገሩ ይግባኝ ተባለ። የሲችዋን ከፍተኛ የሕዝብ ፍርድ ቤት በጥር 2022 የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ ሻረው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ባለ ዓሣ ቤቱ ቃሉን የተጠቀመበት ምግቡ በምን እንደተቀመመ ለመናገር ነው፣ ደንበኛም አልተወናበደም። የቻይና የንግድ ምልክት ሕግ አንቀጽ 59 ምልክት ያስመዘገበ ሰው ሌላው የዕቃውን የተለመደ ስም፣ ዋና ጥሬ ዕቃውን ወይም የቦታ ስም በቅንነት እንዳይጠቀም ሊከለክለው አይችልም ይላል። ይህ አንቀጽ በ2013ቱ ማሻሻያ ሕጉ ውስጥ የገባ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ጠብ የሚጀምረው። አንቀጹ ከ2013 ጀምሮ ቁጭ ብሎ ከነበረ፣ ባለ ዓሣ ቤቱ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለምን ተረታ? ይግባኙ የተፈረደው የምግብ ቤቶቹ ክስ አገር ምድሩን ካንጫጫ፣ ጋዜጣውም ኢንተርኔቱም ከጮኸ በኋላ ነው። ከመጮሁ በፊት ተከሰው ጠበቃ መክፈል ስላቃታቸው ታፔላቸውን አውርደው ቢሆንስ? ለእነሱ አንቀጽ 59 ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ጥበቃውማ ጠንክሯል

አንባቢ ሆይ፣ እንዳትሳሳት። የጥበቃ ጠላቶች አይደለንም። ሙዚቀኛ ሲዘረፍ፣ ደራሲ በፎቶ ኮፒ ሲራቆት የምናጨበጭብ ሰዎች አይደለንም። ቻይናም በዚህ በኩል የሠራችውን መካድ ነውር ነው። የንግድ ምልክት ሕጓን በ1982፣ የፓተንት ሕጓን በ1984፣ የቅጂ መብት ሕጓን በ1990 አወጣች። በ2001 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ስትሆን ሕጎቿን እየከለሰች አጠነከረች። በ2014 በቤጂንግ፣ በሻንጋይና በጓንግዦ ልዩ የአዕምሯዊ ንብረት ፍርድ ቤቶችን ከፈተች። የቅርጫት ኳሱ ማይክል ጆርዳን እንኳ በቻይንኛ ስሙ ሲነግድ ከነበረ የስፖርት ልብስ ኩባንያ ጋር ለዓመታት ተሟግቶ፣ በ2016 ጠቅላይ የሕዝብ ፍርድ ቤቱ በቻይንኛ ፊደል የተጻፈው ስም ላይ ፈርዶለታል።

ገደቦቹም ቢሆኑ ተጽፈዋል። በ2020 የተሻሻለው የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 24 ያለ ባለመብቱ ፈቃድና ያለ ክፍያ መጠቀም የሚቻልባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ለራስ ጥናት፣ ለምርምር ወይም ለራስ ደስታ መጠቀም ይቻላል። ለሐተታ ሲባል በልኩ መጥቀስ ይቻላል። መምህር ለክፍሉ ጥቂት ቅጂ ማባዛት፣ ቤተ መጻሕፍት ያለውን መጽሐፍ ለማቆየት መገልበጥ ይችላል። ማንበብ ለሚያዳግታቸው አካል ጉዳተኞች ጽሑፉን በሚመቻቸው መልክ ማዘጋጀትም ተፈቅዷል። የፓተንት ሕጉ ደግሞ ለሳይንሳዊ ምርምርና ሙከራ በር ይከፍታል። ከ2008ቱ ማሻሻያ ወዲህም መድኃኒት አምራች የሌላው ፓተንት ሳያልቅ፣ በማግስቱ ርካሹን መድኃኒት ለገበያ ለማቅረብ የፈቃድ ዝግጅቱን እንዲጀምር ፈቅዷል።

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ሚዛን አለ። ችግሩ ሚዛኑ ሥራ የሚጀምርበት ሰዓት ነው።

ጅብ ከሄደ በኋላ

ሦስት ታሪክ እንጨምር።

አንደኛው የሳንድዊች ነው። ሻንሺ ክፍለ ሀገር ውስጥ ቶንግጓን የሚባል ቦታ አለ፤ ‹‹ሮውጅያሞ›› በሚባል፣ ቂጣ ተሰንጥቆ ሥጋ በሚሞላበት ምግቡ ይታወቃል። በ2021 የአካባቢው የምግብ ማኅበር ‹‹የቶንግጓን ሮውጅያሞ›› የሚለውን የጋራ የንግድ ምልክቱን ይዞ በየክፍለ ሀገሩ ያሉ መቶዎች የሚሆኑ ትንንሽ ሱቆችን ከሰሰ። ቂጣ ጋግሮ የሚያድር ሰው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩዋን ካሳ ተጠየቀ። ሕዝቡ ሲቆጣ ማኅበሩ ይቅርታ ጠየቀ። የአገሪቱ የአዕምሯዊ ንብረት አስተዳደርም በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ወጥቶ፣ ማኅበሩ ምልክቱን ከቶንግጓን ውጭ ላሉ ነጋዴዎች እያከራየ ገንዘብ የመሰብሰብ መብት እንደሌለው ተናገረ። ጎሽ! ግን ይህን ለማለት ስንት ሱቅ መከሰስ ነበረበት?

ሁለተኛው የሰማይ ነው። ሚያዝያ 2019 ሳይንቲስቶች የጥቁሩን ጉድጓድ፣ የ‹‹ብላክ ሆል››ን የመጀመሪያ ምስል ለዓለም ሲያወጡ፣ ምንጩን ለጠቀሰ ሁሉ በነጻ ነበር የለቀቁት። ‹‹ቪዥዋል ቻይና›› የተባለው የፎቶ ሻጭ ግን ምስሉን ድረ ገጹ ላይ ሰቅሎ ‹‹ለንግድ መጠቀም የሚፈልግ ያነጋግረኝ›› አለ። ሰዎች ሲጎረጉሩ የቻይና ሰንደቅ ዓላማና የመንግሥት ዓርማም እዚያው ለሽያጭ ቀርበው ተገኙ። ድረ ገጹ ተዘጋ፣ ኩባንያው 300 ሺህ ዩዋን ተቀጣ። ሰንደቅ ዓላማው ባይነካ ኖሮስ?

ሦስተኛው ተማሪ የሆናችሁትን ይመለከታል። ሲኤንኬአይ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የቻይና ትልቁ የጥናት ጽሑፎች ቋት ነው። የ89 ዓመት ጡረተኛ ፕሮፌሰር ከመቶ በላይ ጽሑፎቻቸውን ቋቱ ያለ ፈቃዳቸው ሲሸጥ አገኙት፤ የራሳቸውን ጽሑፍ ለማውረድ እንኳ ገንዘብ ይጠየቁ ነበር። ከሰሱ፤ ከ700 ሺህ ዩዋን በላይም ተፈረደላቸው። ይህ በ2021 ከተሰማ በኋላ የገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ያዘው፤ በታኅሣሥ 2022 ኩባንያውን የገበያ የበላይነቱን ያለአግባብ ተጠቅሟል ብሎ 87.6 ሚሊዮን ዩዋን ቀጣው። ልብ በሉ፣ የአዕምሯዊ ንብረት ጥበቃ ሲባል ‹‹ለደራሲው›› ነው የሚባለው። እዚህ ግን ደራሲው በር ላይ ቆሞ ሲለምን፣ ካዝናው ሌላ ቤት ውስጥ ሲሞላ ነው ያየነው።

በሦስቱም ታሪኮች ፍርዱ መጣ። የመጣው ግን ከጩኸት በኋላ ነው። አበው ‹‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ›› ያሉት እንዲህ ላለው ነው። የሕዝብ ቁጣ ደግሞ ሥነ ሥርዓት ሕግ አይደለም። ቁጣ የሚመርጠው አለው፤ ሳንድዊችና ሰንደቅ ዓላማ ያስቆጡታል፣ የአንዲት ስፌት ቤት ክስ አያስቆጣውም። መብታችን ለጋዜጠኛ ደስ የሚል ታሪክ ስለሆነ ብቻ የሚከበር ከሆነ መብት መሆኑ ቀርቷል፤ ዕጣ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው

የሚያናድደን ዋናው ነገር ይኸውና። ሆን ብሎ መብት የጣሰ፣ ጥፋቱም ከባድ የሆነ ሰው የካሳው አምስት እጥፍ ድረስ ሊከፍል ይችላል። ይህ በ2019 ወደ ንግድ ምልክት ሕጉ፣ በ2020 ወደ ፓተንትና ቅጂ መብት ሕጎች ገባ። ጉዳቱን በትክክል ማስላት ካልተቻለም ፍርድ ቤት እስከ 5 ሚሊዮን ዩዋን መወሰን ይችላል። ይሁን፤ ሌባ ይቀጣ።

በተቃራኒው በኩል ያለውስ? መብቱን መሣሪያ አድርጎ ንጹሑን ሰው የሚያዋክበው ምን ይከፍላል? ጠቅላይ የሕዝብ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2021 ባወጣው ማብራሪያ፣ ከሳሹ መብቱን ያለአግባብ መጠቀሙን ያስረዳ ተከሳሽ ለጠበቃ፣ ለመጓጓዣና ለመሳሰለው ያወጣውን ተገቢ ወጪ መጠየቅ ይችላል አለ። በቃ፣ ወጪውን! ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሌላ ክስ ከፍቶ የከሳሹን ክፉ ሐሳብ ያስረዳ ነው ነገሩ። አንዱ ወገን ቢያሸንፍ እስከ አምስት እጥፍ ያፍሳል፣ ሌላው ቢያሸንፍ የታክሲውን ይመለስለታል። በዚህ ሒሳብ መቶ ሱቅ መክሰስ ንግድ ነው። ዘጠናው ፈርቶ ከከፈለ፣ አሥሩ ተከራክሮ ቢረታ ምን ገዶት?

ይህን ስንል የሚመጣልንን መልስ እናውቀዋለን። ‹‹ገደብ ገደብ ስትሉ ለሌባ መደበቂያ ትቆፍራላችሁ›› ይሉናል። ፍርድ ቤቶቹ ግን ሌባን ከተጠቃሚ መለየት ያውቁበታል። በ2019 የቤጂንግ ኢንተርኔት ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። ተከሳሹ ከአንድ ታዋቂ ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል 382 ምስሎች ቆርጦ ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በፎቶ ተርኮታል፤ ከዚያ ‹‹በልኩ ጠቀስኩ እንጂ አልሰረቅኩም›› አለ። ፍርድ ቤቱ አልተሸወደም፤ ድራማውን የሚተካ ነገር መጥቀስ አይባልም ብሎ 30 ሺህ ዩዋን አስከፈለው። እኛም ትክክል ነው እንላለን። ገደብ ማለት አጥር ማፍረስ አይደለም፤ አጥሩ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ማድረግ ነው።

ሌሎች ደግሞ ‹‹ቻይና እኮ ገና አሁን ነው ጥበቃ የለመደችው፤ መጀመሪያ ዱላው ይጥና፣ ገደቡ ቀስ ብሎ ይደርሳል›› ይላሉ። አንስማማም። ዱላው ቀድሞ ከጠና የሚይዙት ኪሳቸው የጠና ናቸው። ቅመሙን አስመዝግቦ ባለ ዓሣ ቤቱን የመታው ሻንጋይ ያለው ኩባንያ ነው እንጂ፣ ቅመሙን ከአያቶቹ ጀምሮ ሲለቅም የኖረው የሲችዋን ገበሬ አይደለም።

ምን ይደረግ ነው የምትሉት?

ሦስት ነገር።

አንደኛ፣ ሚዛኑ በሁለቱም በኩል ይመዘን። ሆን ብሎ የሰረቀ አምስት እጥፍ የሚከፍል ከሆነ፣ ሆን ብሎ በሐሰት መብት ያዋከበም በእጥፍ ይክፈል። ሰው በሰፈረበት ቁና ይሰፈር።

ሁለተኛ፣ በሩ ላይ ይጠበቅ። የ2019ኙ ማሻሻያ ለመጠቀም ሳይሆን ለክፋት የሚቀርብ የንግድ ምልክት ማመልከቻ ውድቅ እንዲሆን ደንግጓል። ጥሩ ጅምር ነው። የቅመምና የቀበሌ ስም ይዞ የሚመጣ አመልካችም እዚያው መዝጋቢው መስኮት ላይ ‹‹ይህን ስም ምግቡን ለመግለጽ ማንም ይጠቀምበታል›› ተብሎ ቁርጡን ሰምቶ ይሂድ፤ ቁርጡም መዝገቡ ላይ ይጻፍ። ያኔ ድሃው ነጋዴ ክስ ሲደርሰው መዝገቡን ማሳየት ይበቃዋል።

ሦስተኛ፣ የአንቀጽ 24 ዝርዝር ይከፈት። ሕጉ አሥራ ሁለት ሁኔታዎችን ይቆጥርና አሥራ ሦስተኛውን ‹‹በሕግና በአስተዳደር ደንብ የሚደነገጉ ሌሎች›› ብሎ ይዘጋዋል። ነገ አንድ ልጅ ማንንም የማይጎዳ አዲስ አጠቃቀም ቢያመጣ ዳኛው ‹‹ከዝርዝሩ ውስጥ የለህም›› ሊለው ነው። ጉዳትን መመዘኛው መስፈርት እዚያው አንቀጽ ላይ ተጽፏል፤ የሥራውን የተለመደ ገበያ አለመንካት፣ የባለመብቱን ጥቅም ያለአግባብ አለመጉዳት ይላል። ዳኛው በዚሁ ይመዝን።

ታዲያ የቻይና ዓሣ ቤት ለእኛ ምናችን ነው? ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ፣ ክፍላችንን ያበራው አምፖል፣ እናቶቻችን የሚያፈሉበት ፔርሙስ ከዚያው አገር የመጣ ነው። እኛ ‹‹ቻይና›› እያልን በኮፒነቱ ስንሳለቅ፣ እዚያ ያሉ እኩዮቻችን ‹‹አጥሩ የት ላይ ማብቃት አለበት?›› እያሉ ይከራከራሉ። ያ ባለ ዓሣ ቤት የጠየቀው ማንንም ኮፒ ማድረግ አይደለም። ድስቱ ውስጥ የከተተውን ነገር በስሙ መጥራት ነው የፈለገው። ይህን ለመፍቀድ የአገር ጩኸት የሚጠብቅ ሕግ፣ ገደቡን ጽፏል እንጂ ገና አላከበረውም።