ሙግት፦ እስረኛ ከመክሰሱ በፊት ቅሬታውን ይጨርስ?

በአሜሪካ፣ የግዛት ሹም ሕገ መንግሥታዊ መብቴን ጣሰ የሚል ሰው በ1871 በወጣ ሕግ መሠረት በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። እስረኞችም በዚህ ሕግ መክሰስ እንደሚችሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 አረጋግጧል። በ1996 ግን ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የእስረኞች ክርክር ማሻሻያ ሕግ አንድ ግዴታ ጣለ፤ እስረኛው ማረሚያ ቤቱ ያስቀመጠውን የቅሬታ ደረጃ ሁሉ ሳይጨርስ መክሰስ አይችልም። ስለዚህ በብዙ መዝገቦች ላይ «ተበድሏል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት የሚነሳው መቃወሚያ «ቅሬታውን በአግባቡ አቅርቧል ወይ?» የሚል ነው። ይህ ግዴታ ይጽና ወይስ ይሻር? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይጽና

ሕጉ የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1995 እስረኞች በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የከፈቷቸው አዳዲስ መዝገቦች 40 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ከጠቅላላው የፍትሐ ብሔር መዝገብ አንድ አምስተኛ ሊሞሉ ትንሽ ነበር የቀራቸው። አብዛኞቹ ያለ ጠበቃ የተጻፉ ናቸው። ዳኛው እውነተኛውን በደል ከተራው ብሶት እስኪለይ ድረስ የተደበደበውም፣ ሕክምና የተነፈገውም ወረፋ ይጠብቃል። ለእስረኛ መብት የምንቆረቆር ሰዎች ይህን ወረፋ ልንዘነጋው አይገባም።

የቅሬታ ሥርዓት ደግሞ ፍርድ ቤት ሊሰጥ የማይችለው ፍጥነት አለው። ኢንሱሊኑ በሰዓቱ አልደርስ ያለው የስኳር ሕመምተኛ የሚያስፈልገው ዛሬውኑ ትእዛዝ የሚሰጥለት ኃላፊ እንጂ ከዓመታት በኋላ የሚነበብ ፍርድ አይደለም። ችግሩ እዚያው ባይፈታ እንኳ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለ በጽሑፍ ይቀመጣል፤ ጉዳዩ ችሎት ሲደርስ ከሳሹ ባዶ እጁን አይቆምም።

ግዴታው በእስረኛ ላይ ብቻ የተጫነም አይደለም። በፆታዬ ምክንያት ከሥራ ተባረርኩ የምትል ሠራተኛ በፌዴራሉ ሕግ ከመክሰሷ በፊት ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን በ180 ቀን፣ በብዙ ግዛቶች በ300 ቀን ውስጥ ማመልከት አለባት። ግብር ከፋይም አላግባብ የከፈለውን ለማስመለስ ከመክሰሱ በፊት ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያመለክታል። እስረኛው ብቻ በቀጥታ ችሎት ይግባ የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

ይሻር

የሠራተኛዋንም የግብር ከፋዩንም ቀን በሕግ የጻፈው ኮንግረስ ነው። የእስረኛውን ቀን የሚጽፈው ተከሳሹ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 በወሰነው ጉዳይ የካሊፎርኒያው እስረኛ የነበረው ጊዜ 15 የሥራ ቀን ነበር፤ አሳለፈው። ፍርድ ቤቱም 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ በደንቡ መሠረት ያልቀረበ ቅሬታ ግዴታውን አያሟላም አለ። በዓመቱ ደግሞ፣ በደንቡ መሠረት የሚባለው በማረሚያ ቤቱ በራሱ ደንብ የሚለካ መሆኑን አረጋገጠ። የቅጹን ዓይነት፣ የይግባኙን እርከን፣ የቀኑን ብዛት ተከሳሹ ያወጣል፤ ከሳሹ አንዱን ሲስት «መዝገቡ ይዘጋልኝ» ይላል። አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ የሚባለው ይኸው ነው።

ስለ ተራ ብሶት ባልደረባዬ ያሉትን ላንሳ። ሕጉ ሲረቀቅ በየመድረኩ መሳለቂያ የሆነው፣ ካዘዝኩት ሌላ ዓይነት የኦቾሎኒ ቅቤ መጣብኝ ብሎ ከሰሰ የተባለ እስረኛ ነበር። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ዳኛው ጆን ኒውማን መዝገቡን ሲመረምሩ ግን ሰውዬው ዕቃውን መልሶ፣ ገንዘቡ ሳይመለስለት ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት መዛወሩን አገኙ። የከሰሰው 2.50 ዶላሩን ነው። እንደ ቴክሳስና ጆርጂያ ባሉ ግዛቶች እስረኛ ለመደበኛ ሥራው ደመወዝ እንደማይከፈለው ለሚያውቅ ሰው ይህ ገንዘብ አያስቅም።

ከንቱ ክስን ለማጣራትም ይህ ግዴታ አያስፈልግም። ዳኛው መጥሪያ ከመውጣቱ በፊት መዝገቡን መርምሮ ፍሬ የሌለውን ይዘጋል። እስረኛው በደሃ ደንብ ቢከስ እንኳ 350 ዶላሩን የዳኝነት ክፍያ ከሂሳቡ በየወሩ እየተቆረጠ ይከፍላል። ሦስት ክስ በከንቱነት የተዘጋበት ደግሞ፣ ከባድ የአካል ጉዳት ካላሰጋው በቀር፣ ክፍያውን አስቀድሞ ካላሟላ አይስተናገድም። ወንፊቱ ይህን ያህል ከጠበቀ፣ የቅሬታው ግዴታ የሚያስቀረው እውነተኛ በደል ደርሶበት ቀን ያለፈበትን ሰው ነው።

የተሻለ መንገድም ነበረ። በ1980 የወጣው ሕግ ዳኛው መዝገቡን ሳይዘጋ ለ90 ቀን፣ ኋላም እስከ 180 ቀን በቀጠሮ አቆይቶ እስረኛውን ወደ ቅሬታ እንዲመልስ ይፈቅድ ነበር፤ ያም የቅሬታ ሥርዓቱ ዝቅተኛውን መመዘኛ ሲያልፍ ብቻ ነው።

የ«ይጽና» ምላሽ

ደንቡን ተከሳሹ ይጽፈዋል የሚለው ክርክር ብርቱ ነው። ዳኞችም አይተውታል። በዚያው በ2007 ውሳኔ፣ ቅሬታው አልተሟላም ብሎ ማንሳትና ማስረዳት የማረሚያ ቤቱ ሸክም ሆነ። በ2016 ደግሞ ሦስት በሮች ተከፈቱ፤ ሥርዓቱ መፍትሔ የማይሰጥ የይስሙላ ከሆነ፣ ማንም ሊረዳው የማይችል ውስብስብ ከሆነ፣ ወይም ጠባቂዎቹ በማታለልና በማስፈራራት ካደናቀፉት እስረኛው ግዴታ የለበትም። በ2025 የሚሺጋኑ እስረኛ፣ የከሰስኩት ሹም ራሱ የቅሬታ ወረቀቴን ቀደደው ሲል፣ ይህ ፍሬ ነገር ከዋናው ክስ ጋር ከተሳሰረ ዳኛው ብቻውን ሊወስነው እንደማይችልና የጁሪ ሥልጣን እንደሆነ ተፈረደ።

የ1980ው መንገድ ደካማነቱ ፈቃደኝነት ላይ መቆሙ ነው። መመዘኛውን ለማለፍ ግድ የሌለው ግዛት ምንም አይቀርበትም ነበር፤ እስረኛውም ቅሬታ የሚሰማ ሰው ሳያገኝ በቀጥታ ወደ ተጨናነቀው ችሎት ይሄድ ነበር። ያለፈበት ቀን ያሳስበናል ካልን ቀኑን እናርዝም፤ ለዚህ ሲባል ግዴታውን መሻር የለብንም።

የ«ይሻር» ምላሽ

የተቆጠሩት በሮች የሚከፈቱት ማስረጃ ላለው ነው። ወረቀቱን ቀደዱብኝ የሚል እስረኛ የተቀደደውን ወረቀት ከየት ያመጣዋል? ቅጂው ያለው በሹሙ መዝገብ ነው፤ ምስክሮቹ በሹሙ ቁጥጥር ሥር ናቸው። በፍትሐ ብሔር ክርክር የመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት የለውም፤ ዳኛው ጠበቃን መጠየቅ እንጂ ማስገደድ አይችልም። በዚህ ሁኔታ ከሕግ ባለሙያዎች ጋር ተከራክሮ መቃወሚያውን ያሸንፍ ማለት ቀላል አይደለም። የ2025ቱም ውሳኔ የተገኘው 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ሕጉ ከወጣ ከ29 ዓመት በኋላ ነው።

ቀኑን ማርዘም መልካም ነው፤ ግን ማን ያርዝመው? አሁን ባለው ሕግ ለማርዘምም ለማሳጠርም ሥልጣኑ የተከሳሹ ነው። ስለዚህ ባልደረባዬ ከልባቸው ከሆነ ወደ እኔ መጥተዋል፤ ኮንግረስ መመዘኛ ያውጣ፣ በቂ ቀንና የጽሑፍ መልስ የማይሰጥ ሥርዓትም በመቃወሚያነት አይቅረብ። መመዘኛውን ላለፈው ዳኛው መዝገቡን በቀጠሮ አቆይቶ ቅሬታው እንዲታይ ያዝዝ። ባልደረባዬ የሚመኙት ፍጥነትም፣ የጽሑፍ ማስረጃም በዚህ አይጎድልም። የሚጎድለው በተከሳሹ ካሌንደር መርታት ነው፤ እሱ ደግሞ ይቅር።