ለጭፈራው አለን፣ ለአሠልጣኙ የለንም

ቅዳሜ መካኒሳን ያቋረጠ ሰው የሙሽራ አጀብ አያጣም። ለሰርግ ጭፈራ ብር አይታጣም። ዳንስ የሚያስተምረው ባለሙያ ግን በምን ይኖራል?

ጁነይድ ጀማልን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1996 ብሪታኒያዊው ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ውስጥ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ «ካርሚና ቡራና»ን መድረክ ላይ አወጣ። ከዚያ ሥራ «አዱኛ» የዳንስ ቡድን ተወለደ፤ ጁነይድም የአዱኛ ልጅ ነው። በ2004 ሮሌክስ ኩባንያ መርጦት በጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር ሠለጠነ። በ2009 ከጓደኛው ከአዲሱ ደምሴ ጋር በለንደኑ ሳድለርስ ዌልስ ሥራቸውን አቀረቡ። ሁለቱ «ዴስቲኖ»ን መሥርተው ወጣቶችን አሠለጠኑ።

ልብ በሉ፦ በሩን የከፈተው የውጭ ሰው፣ ያሠለጠነው የውጭ ኩባንያ፣ የተቀበለው የውጭ መድረክ ነው። የእኛ ድርሻ ማጨብጨብ ብቻ ሆነ።

«መጀመሪያ ዳቦ፣ ዳንስ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ለእነዚያ ልጆች ዳቦውን ያመጣው ዳንሱ ነበር! ኮሪዮግራፈር ቡድን እየመራ የእርዳታ ማመልከቻም ሲጽፍ የሚውል ከሆነ መቼ ይፈጥራል?

ከተማ አስተዳደሩ የወረዳ ወጣት ማዕከላትን አዳራሾች ለእንዲህ ያሉ ቡድኖች ይክፈት፤ ለአሠልጣኞችም ደመወዝ ይመድብ። የውጭ እርዳታ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይሄዳል። ልጆቹ ግን እዚሁ ናቸው።