በ6 ፔንስ ደብተር የሚከፍቱት ቄስ

በዚህ ወር የማጫውታችሁ ስለ አንድ የስኮትላንድ ቄስ ነው። ሄንሪ ዳንከን ይባላሉ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1774 ነው። በወጣትነታቸው ሊቨርፑል ሄደው ሦስት ዓመት ያህል ባንክ ቤት ሠርተዋል። ሥራው ግን ልባቸው አልገባም። ትተውት ተማሩና በ1799 ረዝዌል በምትባል የገጠር አጥቢያ ቄስ ሆኑ።

አጥቢያው የድኻ ነበር። እህል ሲወደድ ቄሱ ከሊቨርፑል ያስመጡና ትርፍ ሳይጨምሩ ያከፋፍላሉ። ቢሆንም አንድ ነገር ያሳስባቸው ነበር፦ ሰው ዕድሜ ልኩን የሰው እጅ ጠባቂ ሆኖ እንዳይቀር።

በዚያን ጊዜ ባንክ ገንዘብ ለማስቀመጥ 10 ፓውንድ ያስፈልግ ነበር። ይሄ ለቀን ሠራተኛ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ቄስ ዳንከን በ1810 እዚያው መንደር የቁጠባ ባንክ ከፈቱ። መነሻው 6 ፔንስ ብቻ! የ10 ፓውንድ አራት መቶኛ ማለት ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። የየሰዉ ሳንቲም አንድ ላይ ይሰበሰብና ደምፍሪስ ከተማ ትልቁ ባንክ ይገባል፤ እዚያ 5 በመቶ ወለድ ይታሰብበታል። ብቻውን በሩን የማያልፍ ሰው ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ አለፈ። የገንዘቡ ሣጥን ደግሞ ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይከፍተው። በመጀመሪያው ዓመት 151 ፓውንድ ተጠራቀመ። ሐሳቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በስኮትላንድና በእንግሊዝ ተዛመተ።

ቄሱ ራሳቸው ለጥቅም የቆሙ ሰው አልነበሩም። በ1843 የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ስትከፈል፣ ለእምነታቸው ሲሉ ቤታቸውንና ደሞዛቸውን ትተው ከወጡት ካህናት አንዱ ናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። የመጀመሪያዋ ባንክ ቤት ዛሬ ሙዚየም ናት።

እቁብ ጥሎ የሚያውቅ ሰው የዚህ ነገር ጥቅም አይጠፋውም። ብዙዎቻችን ግን «ገቢዬ ሲሻሻል እቆጥባለሁ» እያልን ዓመት ይሄዳል። የ6 ፔንሱ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ገንዘብም መግቢያ በር ካገኘ ይጠራቀማል።

አንድ ነገር ልጨምር። አገር ቤት ላለው ወንድም ወይም እህት በየወሩ የምንልክ ስንቶቻችን ነን? መላኩ ይቀጥል፤ የቤት ኪራይና አስቤዛ አይጠብቅም። ነገር ግን ከሚላከው ላይ ትንሿ እንኳ በራሳቸው ስም ደብተር ብትገባ፣ ከዓመታት በኋላ የሚደውሉልን ገንዘብ ለመጠየቅ ብቻ አይሆንም። ስለከፈቱት ሱቅ ሊያወሩንም ይችላሉ።

ወር ሰው ይበለን!